የራስሽን ሰዎች ሣዪ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ደብተር እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁት። ጥያቄሽ ሁለት ነው። አንዱ «ኮሚክ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ መሸጥ እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ የጠየቅሽኝ፣ ጃፓኖች ያኦይ ስለሚሉት፣ የወንድና የወንድን ፍቅር ስለሚተርከው የሥዕል ታሪክ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን በማተሚያ ቤት ጨርሼ ወደ ለሚ፣ ሰሜን ሸዋ፣ የተመለስኩ ሰው እንጂ ሠዓሊ አይደለሁም። ስለ መስመርሽ ውበት አልፈርድም። ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ገንዘብና ስለ ባለቤትነት ግን የምለው አለኝ። ቁጥር የሰጠሁት በስልክ ስታነቢው የት እንደደረስሽ እንዳይጠፋብሽ ነው። የውጭ አገር ነገር ሳወራ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ የአገራችን ሕግ ሲሆን የኛው።

1. በሰው ገጸ ባሕርይ እጅሽን አፍታቺ፤ ስምሽን ግን አታስሪበት።

የደብተርሽ ግማሽ የጃፓን አኒሜ ጀግኖች ናቸው። አልነቅፍሽም። ዛሬ ስመ ጥር የጃፓን ሠዓሊ የሆነችው ፉሚ ዮሺናጋም የጀመረችው «ስላም ዳንክ» በተባለው የቅርጫት ኳስ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ያሉትን ልጆች ወስዳ፣ የራሷን ታሪክ ፈጥራላቸው፣ በራሷ እያሳተመች ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚያው ሲቀሩ ነው።

የእኛን አገር ምሳሌ ልንገርሽ። በሥዕል መተረክ ለኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍለው፣ ከየሣጥኑ ሥር በአማርኛ አንድ ሁለት ቃል ጽፈው የሚሸጡ ሠዓሊዎች ድሮም ነበሩ። ዘንዶው አለ፣ ነጋዴው አለ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚደረገው ጉዞ አለ፣ ሰሎሞን አለ፣ የምኒልክ መወለድ አለ። ሣጥን፣ ቅደም ተከተል፣ ጽሑፍ፤ ኮሚክ ለመባል ምን ጎደለው? ነገር ግን ታሪኩ የሁሉም ስለሆነ የማንም ሳይሆን ቀረ። ገዢው «የሳባን ሥዕል ስጡኝ» ይላል እንጂ «የእገሌን ስጡኝ» አይልም። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ስም እንኳ የለባቸውም። እነዚያ ሠዓሊዎች እጃቸው ከማንም አያንስም ነበር። ያጡት የራሳቸው የሆነ ሰው ነው፤ ሌላው ሠዓሊ ሊሥለው የማይችል፣ ሲታይ ሠሪውን የሚያስጠራ።

አሁን ደግሞ የቅርቡን ተመልከቺ። በሥራት ደበበ የተባለው ወጣት ኢታን ኮሚክስ ብሎ የራሱን ድርጅት መሠረተና በፈረንጅ 2018 «ጀምበር»ን አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ተመርቆ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከዚህ በላይ የኛ የሆነ ጀግና ከየት ይመጣል? ኃይል ከማግኘቱ በፊት እንኳ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጣ። ቀጥሎ «ሐዊ» መጣች፤ ሴት ጀግና። ነገ ፊልም ሊሠራበት የሚፈልግ ቢመጣ የሚያንኳኳው የበሥራትን በር ነው።

2. ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፤ ወረቀቱን አንቺ ያዢ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሥራሽ ወጥ ከሆነና በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ከተፈጠረበት ሰዓት ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ለመጠበቅ ሲባል መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው አንቺ በሕይወት እስካለሽ፣ ካንቺ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። «መብረቅ የሚቆጣጠር ልጅ» የሚለውን ማንም ሊወስደው ይችላል፤ ያንን ልጅ አንቺ በሣልሽው መልክ፣ በጻፍሽለት ንግግር፣ በሰጠሽው ታሪክ ግን አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያ ንድፎችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ። በራስሽ ኢሜይል ለራስሽ ላኪያቸው፤ ከፈለግሽ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢ።

ማስጠንቀቅ የምፈልግሽ ከሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ ድርጅት ይመጣል፤ የጤና ወይም የትምህርት ፕሮጀክት ይሆናል። «ገጸ ባሕርይሽን እንወደዋለን፣ ለፖስተር ሥሪልን» ይልሻል፤ ክፍያውም ደህና ይሆናል። ፖስተሩን ሽጪ፤ ልጁን አትሽጪ። ውሉ ላይ «ለዚህ ሥራ፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል መስመር ካላገኘሽ አትፈርሚ። በቃል የሚስማማ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

3. ሰዎችሽ ፊት ይኑራቸው።

አትቆጪና፣ በደብተርሽ ያሉትን ስድስት ልጆች ፀጉራቸውን ብንላጫቸው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ትልቅ ዓይን፣ ትንሽ አፍንጫ፣ ሹል አገጭ። ይህ የጃፓን ማንጋ ልማድ ነው፤ እነሱ ግን ልዩነቱን በአለባበስ፣ በአቋቋም፣ በአነጋገር ይሞሉታል።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ያላቸውን ዘዴ ታውቂዋለሽ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሃዲና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ልማድ እንዳለ ገልብጪ አልልሽም። ግን አስቢው፦ በመጀመሪያው ገጽ ሁለት ዓይኑ የሚታይ ጓደኛ አለ። ገጽ በገለጥን ቁጥር ጥቂት ጥቂት ወደ ጎን ይዞራል። መክዳቱን በቃል ከመናገርሽ በፊት የአገሬ አንባቢ ይገባዋል፤ ለምን እንደገባው ግን አያውቅም። ይህን ቶኪዮ ያለ ሠዓሊ ሊሠራው አይችልም።

ቦታም እንደዚሁ። ከተማ ስትሥዪ ሁልጊዜ ፎቅና ባቡር ነው። ለሚ ምን ጎደላት? የጀማ ሸለቆ ከእግርሽ ሥር ተዘርግቶ፣ ጭላዳው ገደሉ ላይ ተሰልፎ፣ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው መንገድ እየተጠማዘዘ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ አለ፤ ትናንት ጤፍ የነበረበት ዛሬ የከባድ መኪና ሰልፍ የሚታይበት። አባቱ ገበሬ፣ እሱ የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ብትሥዪ ታሪኩ ራሱ እየጎተተ ይወስድሻል። ልብሱ ላይ አቧራውን አትርሺ።

4. ገጹን ለአማርኛ ስፊው።

ይህ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ባደርገው ታገሺኝ።

የጃፓን ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገጹም ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ስለዚህ የንግግር ፊኛቸው ቀጭንና ረጅም ነው። አንቺ ያንኑ ቅርጽ ወስደሽ አማርኛ ስትከቺበት «አላስቀመጥኩላትም» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ተኝቷል። የኛ ግስ ረጅም ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ አንድ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ፊኛሽን በወርድ አስፊው፤ ቃል በምንም ምክንያት አትቁረጪ። በመጀመሪያ ጽሑፉን ጻፊ፣ ቦታውን ለኪ፣ ከዚያ ፊቱን ሣዪ። አብዛኛው ጀማሪ ሥዕሉን ጨርሶ ጽሑፉን በተረፈው ጥግ ይወሽቃል።

ይኸው ቋንቋ ግን አንድ ትልቅ ሀብት ይሰጥሻል። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «አንተን እኔ ከእንግዲህ…» ብለሽ በቀኙ ገጽ ግርጌ አቁሚው። አንባቢው ይገልጣል። ማዶ ያለው «አልጠብቅህም» ይሁን «አልለይህም» እስኪገልጥ ድረስ አያውቅም። ገጽ መግለጥን እንዲህ የሚጠቅም ቋንቋ እያለሽ በየገጹ መጨረሻ ፍንዳታ መሣል ምን ይሠራል?

እርስዎና አንተንም አትርሺ። በታሪክሽ ውስጥ ያሉት ወጣት ሐኪምና ሽማግሌው ሹፌር ሁለቱም አንቱ ይባባላሉ፤ ጥሩ ነው፣ የሠፈራችን ሰዎች እንዲህ ናቸው። ታዲያ ሹፌሩ በአሥረኛው ገጽ ሳያስበው «አንተ» ካለው፣ ወይ ተቆጥቷል ወይ እንደ ልጁ ቆጥሮታል። የትኛው እንደሆነ ፊቱ ይናገር እንጂ በጽሑፍ አታብራሪ።

የፊደል መጠን ከ8 ነጥብ አይነስ። ግዕዝ ፊደል ቅጥሎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ሲያንስ «ሉ» እና «ሊ» አይለዩም።

5. ስለ ያኦይ።

ብዙ ሰው ይህን ቃል ትርጉሙን ሲነግሩት ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። እኔ የኅትመት ሰው ነኝና ከኅትመቱ በኩል ነው የማየው።

በ1970 አካባቢ ሞቶ ሃጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ የሚባሉ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ሁለት ሴቶች ቶኪዮ፣ ኦይዙሚ ሠፈር አንዲት ትንሽ ቤት ተከራይተው አብረው ይሥሉ ነበር። ለልጃገረዶች የሚወጣውን መጽሔት የሚያርሙት ግን አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ታኬሚያ ፈረንሳይ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ የሁለት ወንድ ልጆችን ፍቅር ልታወጣ ፈለገች፤ አዘጋጆቹ እምቢ አሉ። ዓመታት ጠበቀች። እሷ ያደረገችውን ልብ በይ፦ ታሪኳን አልቀየረችም። በ1974 «የፈርዖን መቃብር» የሚል የጥንት ግብፅ ታሪክ ጀመረችና አንባቢ አበዛች። ተወዳጅነቱን ካገኘች በኋላ እምቢ ማለት ከበዳቸው፤ «የነፋስና የዛፍ ቅኔ» በ1976 መውጣት ጀመረ። ሃጊዮ ደግሞ «የቶማስ ልብ»ን በ1974 አውጥታ ነበር።

መጽሔት ያላገኙትስ? እነሱ በራሳቸው ማተም ጀመሩ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1975 ቶኪዮ ውስጥ ኮሚኬት የሚሉት ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ፤ 32 ቡድኖች የየራሳቸውን መጽሔት ይዘው ቀረቡ፣ ወደ 700 ሰው መጣ፣ ከመጡት አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ነበሩ። ዛሬ ያ ገበያ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በ1980ዎቹ ያኦይ የተስፋፋው በዚህ ገበያ ነው፤ ያኔ ግን የሚሣሉት በአብዛኛው የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያት፣ በተለይ «ካፒቴን ጹባሳ» በተባለው የእግር ኳስ ማንጋ ያሉት ተጫዋቾች ነበሩ። የራስን ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዞ የሚቀረብበት ሌላ ገበያ፣ ኮሚቲያ፣ በ1984 ተጀመረ። ቅድም ያነሣሁልሽ ዮሺናጋም የራሷን ሰዎች ስትፈጥር ነው ከፍ ያለችው። ከ2007 ጀምሮ የምታወጣው «ትናንት ምን በላህ?» አንድ ጠበቃና አንድ ፀጉር አስተካካይ አብረው ስለሚኖሩበት ቤት ነው። ገጹ ግን በአብዛኛው እራት ስለ ማብሰል ነው፤ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚከተፍ፣ ገበያ ዋጋው እንዴት እንደናረ። የሁለት ሰው ኑሮ በወጥ ቤት ሲተረክ ማየት ለኛ ሰው እንግዳ አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን። በራስሽ ደብተር የምትሥዪው የራስሽ ነው። ካሳተምሽው በኋላ ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ማተሚያ ቤቱ፣ አከፋፋዩና ሻጩም ሊጠየቁ ይችላሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል። አንቀጽ 640 ደግሞ ጸያፍ የሚባሉ ጽሑፎችንና ሥዕሎችን መሥራትን፣ ማስገባትን፣ ማጓጓዝን፣ ለሽያጭ ማቅረብን ይቀጣል። ጃፓኖቹ ከሚያሳዩት ሩቡን ብታሳዪ እንኳ የኅትመት ሰሌዳ (ፕሌት) የሚያወጣልሽ ማተሚያ ቤት የምታገኚ አይመስለኝም። ልጅነትሽን፣ ቤተሰብሽን፣ የምትኖሪበትን ሠፈር ሳስብ እንድታሳትሚው አልመክርሽም። በስልክም ቢሆን በስምሽ አታሠራጪው። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፤ የሚወቅስ አታጪም።

ግን ከእነሱ የምትወስጂው ትልቅ ነገር አለ። ከእነዚያ መጻሕፍት ያሳየሽኝን ሳይ እኔን የያዘኝ ሁለት ሰዎች የሚሰማቸውን መናገር ሳይችሉ ለብዙ ገጽ አብረው መቀመጣቸው ነው። አንዱ ሻይ ይቀዳል፣ ሌላው ጽዋውን አያነሣም። ጃፓኖቹ ለዚያ ዝምታ ሙሉ ገጽ ይሰጣሉ። ያ ዝምታ ለተጣሉ ወንድማማቾች ይሆናል፣ ለባላንጣዎች ይሆናል፣ ዘመቻ ላይ አብረው ለነበሩና አንድ ጓዳቸው ላልተመለሰላቸው ጓደኛሞች ይሆናል። የኛ ሰው ስሜቱን በቃል የማይናገር ሕዝብ ነው፤ ለሥዕል ታሪክ ከዚህ የተመቸ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

6. ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት።

በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት። 16፣ 24 ወይም 32 ገጽ አስቢ። የመጀመሪያሽ 24 ይሁን፤ መቶ ገጽ ይዘሽ ብትመጪ አልረዳሽም።

ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ቀለም ማለት በኦፍሴት ማተሚያ አራት ፕሌት ነው፤ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ጥቁር ብቻ ከሆነ አንድ ነው። ሽፋኑን ብቻ ባለ ቀለም ማድረግ ይበቃል፤ ዓይን የሚይዘው እሱ ነው። መቶ ቅጂ አካባቢ ከሆነ ዲጂታል ማተሚያ ያዋጣሻል። ኦፍሴት የሚያዋጣው ቁጥሩ ሲበዛ ነው፣ ምክንያቱም ወጪው ያለው ፕሌቱን በማውጣትና መኪናውን በማዘጋጀት ላይ ነው።

በስልክ የሣልሽውን እንዳለ አትላኪ። ለኤ5 ገጽ ቢያንስ 1748 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ይህ በኢንች 300 ነጥብ ነው። ከዚያ ካነሰ መስመርሽ ይሻክራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሥዕል ካለሽ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ስጪ፤ ቢላዋው ዘወትር በልኩ አይቆርጥም። ንግግር ደግሞ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። በእርሳስ የቀባሽው ቀላል ጥላ ኅትመት ላይ ወይ ይጠፋል ወይ ይቆሽሻል፤ በነጥብ ወይም በሰረዝ ሥሪው።

ናሙና ሳታዪ «እተሙ» አትበዪ። ናሙናውንም ብቻሽን አትመልከቺ፤ ፊደል ግድፈት የጻፈው ሰው አይታየውም።

7. ገንዘቡ።

«ሐዊ» ለኅትመት የበቃችው ኪክስታርተር በሚባል ድረ ገጽ ከአንባቢ ገንዘብ ተሰብስቦ ነው። ያ መንገድ ኢትዮጵያ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ክፍት አይደለም። አንቺ ግን ቴሌብር አለሽ። ሦስት ገጽ በቴሌግራም በነጻ አሳዪ፣ ቀሪውን የሚፈልግ አስቀድሞ ይክፈል፣ ቁጥሩን አይተሽ አሳትሚ። ከተከፈለው በላይ ጥቂት ጨምሪ እንጂ ቤት የሚሞላ ወረቀት አታውጪ። የመጽሐፍ ሻጭ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ስንት እንደሆነና ገንዘቡን መቼ እንደሚመልስ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ስንት ቅጂ እንደሰጠሽም በጽሑፍ ይፈርምልሽ።

ዘመድ በነጻ አይውሰድ። «ለኔማ አንድ አታጪም» የሚል አጎት ሃያ ነው።

8. ትምህርትሽ።

አፈወርቅ ተክሌ የኛው ዞን ልጅ ነው፤ አንኮበር ተወለደ። በፈረንጅ 1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ሄዶ ወደ ሥዕል ዞረ፣ ስሌድ ገባ፣ ተመልሶም የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ሠራ። ይህን ታሪክ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ «አየሽ፣ ምህንድስና ትቶ» ብለሽ ልትከራከሪበት እንደምትችዪ አውቃለሁ። አፈወርቅን ንጉሡ ነበሩ የሚደግፉት። አንቺን የምትደግፍሽ እናትሽ ናት። ፈተናሽን ጨርሺ። ሥዕል መማር ከፈለግሽ የሰላሌው ሰው ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ የመግቢያ ፈተናው በእጅ ስለሚሣል የስልኩን ብዕር ተዪና በእርሳስ ተለማመጂ።

9. መጽሔቱ ከወጣ በኋላ።

ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ቅጂ አስገቢ፤ ለሽፋኑ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የምትጠይቂውም እዚያው ነው፣ ያንን ግን ከኅትመት በፊት። በኋለኛው ሽፋን ስምሽን፣ ዓመቱንና «መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ጻፊ፤ የቤት አድራሻሽን አትጻፊ። ለኔም አንድ አስቀሪልኝ። ዋጋውን በቴሌብር እልክልሻለሁ።